ከሰማያዊው መስመር ወዲህ

መምህር ላኽዳርን ከፍርስራሹ ስር ያወጡት ዓርብ ቀን፣ ሰዉ ከጁምዓ ሲመለስ ነው። እኔ ስደርስ እሳት አደጋዎቹ አስከሬኑን ውስጠ ግቢው ወለል ላይ አጋድመውታል። አንዱ የራሱን ጃኬት አውልቆ ፊቱን ሸፍኖለታል። ዝናቡ አላባራም። ካስባ፣ አሮጌው የአልጀርስ ሰፈር፣ ሲዘንብበት ደረጃው ሁሉ ወንዝ ስለሚሆን እስከ ጉልበቴ ርሼ ነበር የገባሁት።

የፈረሰውን ቤት፣ ዳር ሮማንን፣ አውቀዋለሁ። የተወለድኩት ከዚያ ሁለት የመንገድ እጥፋት ወረድ ብሎ ነው። ሟቹንም አውቀዋለሁ፤ ማንበብ ያስተማረኝ እሱ ነው። ሰባ አራት ዓመቱ ነበር። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ በመካከለኛው ፎቅ ብቻውን ይኖር ነበር።

"አደጋ ነው፣ ኢንስፔክተር መዝያን" አለኝ የእሳት አደጋዎቹ አለቃ። "ዘንድሮ ክረምት ሦስተኛው ቤት ነው። ይፈርሙልኝና ልጆቼን ይዤ ልሂድ፤ በርደዋል።"

"ግንዱን አየኸው?"

"የቱን ግንድ?"

አሳየሁት። የሰገነቱን ጥግ ከስር ደግፎ ሁለት ዓመት የቆመ ወፍራም ግንድ ነበር። አሁን ፍርስራሹ ላይ ተጋድሟል። ጭረት እንጂ ስብራት የለበትም። ያን ሁሉ ድንጋይ ተሸክሞ ቢሆን ኖሮ እንደ ክብሪት እንጨት ይቀነጠስ ነበር። ሳይሸከም ነው የወደቀው።

ሳጅን ሐስና ከአስከሬኑ አጠገብ ቁጢጥ ብላለች። አብራኝ መሥራት ከጀመረች አራት ዓመቷ ነው፤ ዓይኗ መሬት ላይ የወደቀ መርፌ አያልፍም።

"እጁን ይዩልኝ" አለች።

የመምህሩ ቀኝ እጅ አንድ ሽብልቅ ጨብጧል። ግንዱ እንዳይላላ ከእግሩ ስር የሚመቱት የእንጨት ሽብልቅ ነው። ከደረቱ ስር ደግሞ የነሐስ ዘነዘና ተገኘ፤ ወጥ ቤት ነጭ ሽንኩርት የሚወቀጥበት ዓይነት። የሽብልቁ ጓደኛ፣ ሁለተኛው ሽብልቅ፣ ድንጋይ ያልደረሰበት የደረጃው ስር ተቀምጧል። ወድቆ አይደለም፤ ተቀምጦ።

"ራሱ እየነቀለው ይሆን?" አለች ሐስና ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

"ይሄን ቤት? እሱ?"

"የጠየቅኩት ከማንም በፊት መጠየቅ ስላለበት ነው፣ ጌታዬ።"

ልክ ነበረች። ተቆጣኋት እንጂ ልክ ነበረች።

ወደ ክፍሉ ወጣሁ። ክፍሉ ከወደቀው ጥግ ማዶ ስለሆነ ምንም አልሆነም። መጻሕፍቱ በየመደርደሪያው ናቸው፤ አልጋው ተነጥፏል። የመታጠቢያው ሳህን ውስጥ ውሃ አለ፤ እጁን የሚያደርቅበት ፎጣ ዳር ላይ ተሰቅሏል። ከሳህኑ ጎን አንዲት ትንሽ የጆሮ መስሚያ መሣሪያ ነበረች፣ ደረቅ ጨርቅ ላይ። ለሶላት ሲታጠብ፣ ውዱእ ሲያደርግ፣ ውሃ እንዳይነካት አውልቋት ነው። በፕላስቲክ ከረጢት አድርጌ ያዝኳት።

*

ከታች የምትኖረው ሰፈሩ ሁሉ ኻልቲ፣ አክስቴ፣ የሚላት ዘሁር ናት። ባሏ ከሞተ ሠላሳ ዓመት ሆኖታል፤ መሐጅብ የሚባለውን ቂጣ እየጋገረች በር ላይ በመሸጥ አራት ልጅ አሳድጋለች። ጎረቤት ቤት አገኘኋት፤ ፊቷ አብጧል።

"የፋጢማ ልጅ አይደለህ?" አለችኝ። "እናትህ ነፍሷን ይማርና፣ ከዚህ ሰፈር ስትወጣ ይሄን ደረጃ እየሳመች ነው የወረደችው። አየህልኝ ጉዳችንን?"

"አየሁ ኻልቲ። ቤቱ ሲወድቅ የት ነበርሽ?"

"መቃብር። ዓርብ አይደል? ባሌ ዘንድ ሄድኩ። ዋርዲያ፣ ላይኛው ፎቅ ያለችው፣ ልጇን ይዛ አብራኝ ሄደች። ዝናብ ነው ልቅር ብላት እኔ እደግፍሻለሁ አለችኝ። እሷ ባትኖር እኔም ያኔ ከስሩ ነበርኩ።"

"መምህር ላይ ቂም ያለው ሰው ነበር?"

"ቶውፊቅ!" አለች ሳታስጨርሰኝ። "የቤቱ ባለቤት ልጅ! ማክሰኞ መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ 'አንተ ሽማግሌ፣ አባቴ የሰጠኝን ቤት ሙዚየም አደረግህብኝ፣ አላህ ይይልህ' እያለ ሲጮህበት ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ሁሉ ነገር በዚያች ካርታ የመጣ ነው።"

የካርታውን ነገር ያልሰማ የካስባ ሰው የለም። ያለፈው መኸር ባለሥልጣኖቹ የጥበቃ ክልሉን ወሰን በሰማያዊ መስመር አሰመሩ። ከመስመሩ ወዲህ ያለ ቤት ቅርስ ነው፤ አይፈርስም። ከመስመሩ ወዲያ ያለው ይፈርሳል፤ ነዋሪው ከከተማ ውጭ በተሠሩት ፎቆች ቤት ይሰጠዋል። በመጀመሪያው ካርታ ዳር ሮማን ከመስመሩ ወዲያ ነበር። መምህር ላኽዳር የድሮ ሰነድ ሰብስቦ፣ ፎቶ አንስቶ፣ ቢሮ ለቢሮ ዞሮ በሦስት ወር ውስጥ መስመሩን አስገፋው። ቤቱ ተረፈ። ለፎቅ ቤት ተመዝግበው የነበሩት ነዋሪዎች ስም ግን ተሰረዘ።

"አንቺስ ደስ አላለሽም ነበር?" አልኳት።

"እኔ እዚሁ ልሙት ብዬ የለመንኩ ሰው ነኝ" አለች። ከዚያ "ልጅ ያለው ሰው ግን እንደኔ አያስብም" አለች።

*

ቶውፊቅን ቅዳሜ ጠዋት ባሕር ዳርቻው ሰፈር ካለው ቢሮው አገኘነው። ጥሩ ሽቶ የተቀባ፣ ጥሩ ጫማ ያደረገ ሰው ነው። እንድንቀመጥም ሳይጋብዘን ጀመረ።

"አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። ሰደብኩት። ሰድቤዋለሁ! ዓርብ ግን ብሊዳ ከተማ የእህቴ ልጅ ሠርግ ላይ ነበርኩ። ሁለት መቶ ሰው አይቶኛል፤ ቪዲዮ አለ፤ እንዳልጨፍርባችሁ እንጂ።"

"ሰው ልከህስ ቢሆን?" አለች ሐስና።

"እህቴ፣ አንቺ ሕጉን አንብበሻል?" ከመሳቢያው ወረቀት አወጣ። "ከመስመሩ ወዲህ ያለ ቤት ቢወድቅ ባለቤቱ እንደነበረው፣ ድንጋይ በድንጋይ፣ መልሶ ይሠራል ይላል። መሬቱ ለሌላ አይውልም። ቆሞ እያለ ቢያንስ እንግዳ ማረፊያ ላደርገው እለምን ነበር። አሁን የወደቀ ቤት ወረስኩ። ሽማግሌው ሞቶም አሸነፈኝ።"

ወጥተን መኪና ውስጥ ስንገባ ሐስና "ሠርጉን አጣራለሁ" አለች። አጣራች። በቪዲዮው ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ ቶውፊቅ ከሙሽሪት አያት ጋር ይጨፍራል። ቤቱ የወደቀው በዚያች ደቂቃ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሽብልቆቹን ይዘን ሁሉም ዓሚ፣ አጎቴ፣ ወደሚለው ወደ ዋሊ ሄድን። ያንን ግንድ ያቆመው እሱ ነው፤ በካስባ ዕድሜውን ሙሉ ቤት ሲደግፍ የኖረ አናጢ ነው። ከመምህሩ እጅ የወጣውን ሽብልቅ መስኮት አጠገብ ወስዶ አገላበጠው።

"ሁለት ሰው ነው የመታው" አለ።

"በምን አወቅክ?"

"ሽብልቅ ስትነቅል ቀጭኑን ጫፍ ነው የምትመታው። ስታስገባ ወፍራሙን። ይኸው ቀጭኑ ጫፍ ላይ፤ አራት ማዕዘን የብረት መዶሻ፣ ትንሽ፣ ሳጥን መምቻ ዓይነት። አንድ ሁለቴ ነው የመታው፤ እጁ ጠንካራ ነው። አሁን ወፍራሙን እይ። ክብ ነው፤ ቢጫ ብልጭታ አለው። ነሐስ። ብዙ ጊዜ ነው የተመታው፣ እዚህም እዚያም። የሚመታው ሰው እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።"

ሐስና ወደ እኔ ዞረች። ዓይኗ ሞልቷል።

"ሲነቅል አልነበረም" አለች። "ሲመልሰው ነው የሞተው።"

ዓሚ ዋሊ ሽብልቁን ለመመለስ ጊዜ ወሰደበት። "ብቻውን አይቻልም ነበር" አለ። "አንዱ ግንዱን ይይዛል፣ አንዱ ይመታል። እኔም ያቆምኩት በሁለት ልጅ ነው። ይሄን እሱም ያውቃል፤ ስናቆመው ሻይ ይዞ ከጎኔ ነበር።"

*

ማምሻውን በሰማያዊው መስመር ላይ የተደረገውን የሕዝብ ውይይት ቃለ ጉባኤ አነበብኩ። ቶውፊቅ ሦስት ገጽ ተናግሯል። መምህሩ አንድ ገጽ። ከሁሉም አጭሯ የዋርዲያ ናት። "ግድግዳው ጥበቃ አገኘ። የልጄን ደረት ማን ይጠብቅልኝ?" ብላ ተቀምጣለች። መልስ የሰጣት ሰው በቃለ ጉባኤው ላይ የለም።

ቤት የፈረሰባቸውን አንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ አስጠግተዋቸው ነበር። ዋርዲያና ባሏ ዓሹር ከጥቁር ሰሌዳው ስር ፍራሽ አንጥፈዋል። ዓሹር የዓሣ ወደብ ተሸካሚ ነው፤ አርባ አንድ ዓመቱ፣ ትከሻው ሰፊ። እሱም የመምህሩ ተማሪ ነበር፤ ከኔ አምስት ክፍል ዝቅ ይላል። ልጃቸው ሊና ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ስትተነፍስ ደረቷ ያፏጫል። አስም አለባት። የእነሱ ክፍል ሰሜን ግድግዳው አሥር ወር እርጥብ ነው፤ ሻጋታው ቢጠረግም በሳምንት ይመለሳል።

"ዓርብ የት ነበርክ?" አልኩት።

"መስጊድ።"

"የትኛው ረድፍ?"

"ዘግይቼ ነው የገባሁት። በር አካባቢ ነበርኩ።"

"መምህሩን አየኸው?"

"አላየሁትም" አለ። አላየሁትም ያለበት አነጋገር ገረመኝ፤ የሚክድ ሰው እንዲህ አይልም። የሚያለቅስ ሰው ነው እንዲህ የሚለው።

ዋርዲያ በመሃል ገባች። "ኢንስፔክተር፣ ምን ቀረን? ልብሳችን፣ ዕቃችን፣ የሠርጌ ሣጥን፣ ሁሉም ድንጋይ ስር ነው። ሐዘናችን ይብቃን።"

ልጅቷ እያየችኝ ነበር። ያዋራኋት ለማረጋጋት ነበር፤ እውነቴን ነው፣ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

"አንቺስ ሊና፣ ምን ጠፋብሽ?"

"የትምህርት ቤት ቦርሳዬ። እና ካልሲዎቼ። ዙዙ ግን አልሞተም!"

"ዙዙ ማነው?"

"የአባዬ ወፍ፣ መቅኒኑ። ፊቱ ቀይ ነው፣ ክንፉ ላይ ቢጫ አለው። ጎበዝ ዘፋኝ ነው።"

"እንዴት ተረፈ?"

"በአጎቴ ቡና ቤት ነው ያለው። ሐሙስ ማታ አባዬ ወሰደው።"

ዋርዲያ ልጅቷን ወደ ደረቷ ሳበቻት። ዓሹር መሬት መሬቱን አየ። እኔም ተጨማሪ ጥያቄ አልጠየቅኩም።

አባቴ መቅኒን ያሳድግ ነበር። የአልጀርስ ወንድ ወፉን ከተሰቀለበት ሚስማር በዋዛ አያነሳውም፤ ቦታ ሲቀይር መዝፈን ያቆማል ብሎ ይፈራል። ሠርግ ሲሄድ እንኳ ጎረቤት መጥቶ ያበላለታል እንጂ ቤቱን አያስለቅቀውም። ዓሹር ወፉን ሐሙስ አወጣው። ቤቱ ዓርብ ወደቀ።

ደረጃውን እየወረድን ሐስና አንድ ነገር አስታወሰች። "ኻልቲ ዘሁርን ዋርዲያ ናት መቃብር የወሰደቻት" አለች። "ዋርዲያ የተራራ አገር ሰው ናት። ዘመዶቿ ሁሉ የተቀበሩት እዚያው መንደራቸው ነው። እዚህ መቃብር ማንን ልትጠይቅ ሄደች?"

የመኪናውን በር ከፈትኩላት።

*

እሑድ ጠዋት ብቻዬን ወደ ዓሣ ወደብ ወረድኩ። ጀልባዎቹ ገብተዋል፤ ሰርዲን በሳጥን በሳጥን ይራገፋል። ዓሹር የሳጥን ክዳን ይመታ ነበር። መዶሻው ትንሽ ናት፤ ፊቷ አራት ማዕዘን። ሲያየኝ ሚስማሩን መትቶ ጨረሰና መዶሻዋን ሳልጠይቀው ሰጠኝ።

"ዛሬ ትመጣለህ ብዬ ነበር" አለ።

ከመረብ ክምሩ ጀርባ፣ ሰው ከማያየን ቦታ ሳጥን ላይ ተቀመጥን።

"ባለሙያዎቹ መጥተው ቤቱን ብርቱካናማ ቀለም ቀቡት" አለ። "ብርቱካናማ ማለት ታግሳችሁ ኑሩበት ማለት ነው። ቀይ ካልተቀባ ማንም አውጥቶ ሌላ ቤት አይሰጥህም። አንድ ጥግ ቢሰነጠቅ ቀይ ይሆናል አልኩ። ይሰነጠቃል እንጂ ይወድቃል አላልኩም። ባዶ ቤት ላይ፣ ዓርብ ቀን፣ ሁሉም ሲወጣ።"

"መምህሩስ?"

"በሩን አንኳኳሁ። በእናቴ እምላለሁ፣ ሦስቴ አንኳኳሁ። 'መምህር! መምህር!' አልኩ። ድምፅ የለም። ጁምዓ አምልጦት አያውቅም። ሄዷል አልኩ። ወርጄ ሽብልቆቹን ነቅዬ ደረጃው ስር አስቀመጥኩ።"

ከኪሴ የመስሚያ መሣሪያዋን ከረጢት አውጥቼ አሳየሁት። "ውዱእ እያደረገ ነበር። አውልቋት ነው።"

ያቺን ትንሽ ነገር ረጅም ጊዜ አያት። ሊነካት እጁን ዘርግቶ መለሰው።

"ቀጥል" አልኩት።

"መስጊድ ገባሁ። ኢማሙ ኹጥባውን፣ ስብከቱን፣ ጀምሯል። የፊተኛውን ረድፍ አየሁ፤ ቦታው ባዶ ነው። ጉልበቱን አሞት ዘግይቶ ነው አልኩ። ይመጣል አልኩ። ትንሽ ጠበቅኩ። ከዚያ ሮጥኩ።"

አንድ ተሸካሚ አልፎ "ዓሹር፣ ሳጥኑ!" ብሎ ጮኸበት፤ አልሰማውም።

"በሩ ላይ ስደርስ ከውስጥ ሲመታ ሰማሁ። ግንዱን በትከሻው ደግፎ ሽብልቁን በዘነዘና ይመታል። ኖራው ራሱ ላይ ይዘንብበታል። 'መምህር ውጣ! ውጣ!' አልኩ። አልሰማኝም። ለካ አይሰማም። ከዚያ ዞር ሲል አየኝ። ፈገግ አለልኝ፣ ኢንስፔክተር። 'ጎሽ፣ ዓሹር መጣህልኝ' አለ። 'ና ያዝልኝ።'"

"እና?"

"እግሬ እምቢ አለኝ። ሦስት እርምጃ ነው። ዓሣ ተሸክሜ በቀን ሺህ ጊዜ የምረግጠው ነው። ገብቼ ብይዝለት ይቆም ነበር ይሆናል። ወይ ጎትቼ አወጣው ነበር። ደጃፉ ላይ ቆምኩ። እሱ ደግሞ እስክመጣለት ግንዱን ይዞ ጠበቀኝ። ከዚያ ወደቀበት።"

ባሕሩ ላይ የሆነ ጀልባ ጡሩምባ ነፋ። ሃያ ስድስት ዓመት ስንቱን ነፍሰ ገዳይ አስቀምጬ አዋርቻለሁ፤ ሁሉንም የምጠይቀውን ጠየቅኩት።

"ትጠላው ነበር? በመስመሩ ምክንያት?"

"እኔ?" ቀና ብሎ አየኝ። "ከስብሰባው ማግስት ክፍሌ መጣ። 'ልጅቷን እንዲህ እንደምጎዳት አላሰብኩም፤ የኔ ክፍል ደረቅ ነው፣ ፀሐይ አለው፣ እንለዋወጥ' አለኝ። ያስተማረኝን ሰው እርጥብ ግድግዳ ስር አስተኝቼ? እምቢ አልኩት። ሁለቴ ለመነኝ፤ ሁለቴ እምቢ አልኩ። እሺ ብለው ምን ነበረበት?"

"ሽብልቁን ስትነቅል ዋርዲያ ታውቅ ነበር?"

ለመጀመሪያ ጊዜ ፈጥኖ መለሰ። "ዋርዲያ ምንም አታውቅም። ብቻዬን ነኝ። እንዲህ ብለህ ጻፍ።"

ተያየን። ሚስቱ መቃብር የሄደችበትን ምክንያት እንደማውቅ ገባው።

"ልጅቷ ሌሊት ሲያፍናት ቀና አድርጎ የሚይዛት ሰው ያስፈልጋታል" አለኝ። "መዝያን፣ አንተም የዚህ ሰፈር ልጅ ነህ።"

ተነስቶ እጆቹን ዘረጋልኝ። ካቴና አላደረግኩለትም። እስከ መኪናው ጎን ለጎን ሄድን።

ሰኞ ሐስና መዝገቡን ከዳር እስከ ዳር አንብባ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው።

"አንድ ነገር ጎድሏል" አለች።

"ምን?"

"የመቃብሩ ጉዳይ።"

"ዝናብ ነበር" አልኳት። "አሮጊት ሴት ደግፋ ሄደች። በዚህ ውስጥ ምን የሚጻፍ ነገር አለ?"

ቆማ አየችኝ። ከዚያ እስክሪብቶዋን አውጥታ ከፊርማዬ ስር ፈረመች። ትክክል ሠራን አልልም። ሌላ ማድረግ ግን አልቻልኩም።

*

ዳር ሮማን በአራተኛው ቀን ቀይ ተቀባ። በሩን በብሎኬት ደፈኑት። መምህሩ የመሠረተው የቅርስ ወዳጆች ማኅበር ሁለት ጊዜ ተሰብስቦ ተበተነ፤ ወንበሩ ላይ ሊቀመጥ የፈለገ ጠፋ። ኻልቲ ዘሁር ልጇ ዘንድ ገባች፤ ከሁለት ወር በኋላ ሞተች። ሐኪሙ ልብ ነው አለ።

ዋርዲያና ሊና ከከተማ ውጭ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ቤት ተሰጣቸው። ዕቃ በተሸከሙበት ቀን ሄጄ ነበር፤ የሚሸከሙት ብዙ አልነበራቸውም። ዋርዲያ አላናገረችኝም። በሩን ስትከፍት ግን ወደ ጎን ሆና አሳለፈችኝ።

ዓሹርን ሰኔ ላይ እስር ቤት ጠየቅኩት። ከስቷል፤ ትከሻው ብቻ ነው የቀረው። ስለ ፍርዱ አላነሳም። እኔም አላነሳሁም።

"ቤቱን አየኸው?" አለኝ።

"አየሁት።"

"መስኮቱ በየት በኩል ነው?"

"በምሥራቅ።"

"ፀሐይ ይገባል በለኛ።"

"ጠዋት ጠዋት ክፍሉን ሞልቶት ነው የሚገባው።"

ሊጠይቀኝ የፈለገውን ያውቃል፤ መልሱን ነው የፈራው።

"እንቅልፏስ?"

"ዋርዲያ ነገረችኝ፤ ከገቡ ጀምሮ አንድም ሌሊት አላፈናትም። እስኪነጋ ትተኛለች።"

ዓሹር ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፋ። ዘበኛው መጥቶ ሰዓታችሁ አልቋል ሲል እንኳ ቀና አላለም።